አልማዙን ያገኘው ሌላ፣ ዋጋውን የቆረጠው ሌላ

በጁን ወር 2021 (የዚህ ጽሑፍ ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ፣ በክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር፣ ክዋህላቲ በምትባል የገጠር መንደር አንድ ከብት ጠባቂ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ከመሬት አወጣ የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬው ሌዲስሚዝ ከተማን አልፎ ጆሃንስበርግ ለመድረስ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ዶማና አካፋ የያዘ ሁሉ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ዶማ ያጣ ባገኘው ዕቃ ጫረ። የግጦሹ ሜዳ በሺህ በሚቆጠር ሰው ተሞልቶ እንደ ወንፊት ተበሳሳ።

እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ገበያ ቆመ። አንዷ ድንጋይ ከ100 እስከ 300 ራንድ ትሸጥ ጀመር። ሻጩ የሚሸጠው አልማዝ ይሁን አይሁን አያውቅም። ገዢውም አያውቅም። የመንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያዎች ናሙና ወስደው ሲመረምሩት ድንጋዩ ኳርትዝ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም ከአልማዝ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የአገሪቱ ሥራ አጥነት 32.6 በመቶ ደርሶ ስለነበር ውጤቱ ከተነገረ በኋላም መቆፈሩን ያልተዉ ነበሩ።

ብዙውን ሰው ያስገረመው የቆፋሪው ብዛት ነው። የገበያ ሰው ግን ሌላ ነገር መጠየቁ አይቀርም። ለመሆኑ ያ ዋጋ ከየት መጣ? ምንነቱ ባልታወቀ ድንጋይ ላይ 300 ራንድ ብሎ የቆረጠው ማን ነው?

ጥያቄው ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወርቅ ቤት የገባ ሰው ቢያንስ ሚዛን ያያል፤ የግራሙን የዕለት ዋጋም ጠይቆ ይረዳል። ያልተቆረጠ አልማዝ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ድንጋዮች አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ቀለሙ፣ ጥራቱ፣ ቅርጹ፣ በውስጡ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ይታያል። ይህን የሚያየው ደግሞ የሠለጠነ ዓይን ያለው ገዢ እንጂ ቆፋሪው አይደለም። የአልማዝ ሽሚያ ታሪክ ከዚህ ይነሳል።

በነፃ የተሰጠች ጠጠር

ነገሩ የተጀመረው በ1867 አካባቢ በኬፕ ቅኝ ግዛት፣ በኦሬንጅ ወንዝ ዳር፣ ሆፕታውን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ኢራስመስ ጃኮብስ የሚባል የ15 ዓመት የገበሬ ልጅ አንዲት የምታብለጨልጭ ጠጠር አንስቶ ወደ ቤት ወሰደ። ልጆቹ ተጫወቱባት። ሻልክ ቫን ኒከርክ የተባለ ጎረቤት አይቷት ልግዛ ቢል የልጁ እናት «ጠጠር ደግሞ ይሸጣል ወይ?» በሚል ዓይነት ስቃ እንዲሁ ሰጠችው።

ቫን ኒከርክ ድንጋይዋን ጆን ኦራይሊ ለሚባል ተዘዋዋሪ ነጋዴ ሰጠ። ኦራይሊ ያሳያቸው ሰዎች አብዛኞቹ አላገጡበት። በመጨረሻ በተራ ፖስታ ተደርጋ ግራሃምስታውን ለሚኖሩት ሐኪምና የሥነ ምድር ተመራማሪ ለዶክተር አተርስተን ተላከች። እሳቸውም ድንጋይዋ 21 ከሩብ ካራት የምትመዝን አልማዝ መሆኗን አረጋገጡ (አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው)፤ 500 ፓውንድ ታወጣለችም አሉ። የኬፕ ገዢ ሰር ፊሊፕ ዎድሃውስ በዚሁ ዋጋ ገዟት። ኋላ «ዩሬካ» የተባለችው ይህች ናት።

የለንደን ነጋዴዎች ወሬውን አላመኑም። ጄምስ ግሪጎሪ የሚባል ባለሙያ በ1868 ተልኮ አካባቢውን ዞረ። ተመልሶ በዚያ ምድር አልማዝ ሊኖር አይችልም፤ ከተገኘም ሰጎን ከሩቅ አገር ውጣ ያመጣችው ይሆናል ብሎ ጻፈ ይባላል። ከዚያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ቆፋሪዎች ዘንድ የተሳሳተ ወሬ «ግሪጎሪ» መባሉ ይነገራል።

በዓመቱ በ1869 አንድ የግሪኳ ተወላጅ እረኛ 83 ካራት ተኩል የሚመዝን ድንጋይ አገኘ። ያው ቫን ኒከርክ ይህን ጊዜ አልሳቀም። 500 በግ፣ 10 በሬና አንድ ፈረስ፣ ማለትም ያለውን ሀብት ከሞላ ጎደል ሰጥቶ ገዛው። ወዲያው ሆፕታውን ለሚገኙት ለሊሊንፌልድ ወንድማማቾች በ11,200 ፓውንድ ሸጠው። ድንጋዩ «የደቡብ አፍሪካ ኮከብ» ተባለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ላገኘው ድንጋይ ደህና ዋጋ የተከፈለው ሰው ቢፈለግ ያ እረኛ ከፊተኞቹ መሀል ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም ገና ገበያው አልተደራጀም፤ ዋጋ ቆራጭም አልተሰየመም ነበር።

ጉድጓዱ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስቆም የቻለ አልነበረም። መርከበኛው መርከቡን፣ ጸሐፊው ቢሮውን፣ ገበሬው እርሻውን ጥሎ ወደ ቫል ወንዝ ዳርቻ ነጎደ። ከወንዙ ዳር ያሉ ቆፋሪዎች በ1870 የራሳቸውን «ሪፐብሊክ» አውጀው ስታፎርድ ፓርከር የተባለ የቀድሞ መርከበኛ ፕሬዝዳንት እስከ ማድረግ ደርሰው ነበር። በ1871 ሽሚያው ከወንዙ ራቅ ብሎ ወደ ደረቁ ሜዳ ዞረ። ዲ ቢር የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች በ50 ፓውንድ የገዙትን የእርሻ መሬት ወደ 6 ሺህ ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ሸጠው ሄዱ። ጥሩ ትርፍ ይመስላል። በመሬታቸው ላይ የተገኙት ሁለት ማዕድኖች ያስገኙት ሀብት በሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ሆነ፤ ለእነሱ የተረፋቸው ስማቸው በኩባንያው ላይ መቅረቱ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በጁላይ፣ ኮልስበርግ በሚባለው ትንሽ ኮረብታ ላይ አልማዝ ተገኘ። ያገኘው ዴመን የሚባል አገልጋይ ሲሆን ጠጥቶ ስላስቸገረ ለቅጣት ቆፍር ተብሎ ወደ ኮረብታው የተሰደደ ነው ይባላል። ኮረብታው በሰዓታት ውስጥ ተከፋፈለ። የአንድ ሰው ድርሻ በአንድ ጎን 31 ጫማ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ተኩል የማይሞላ ካሬ ነበር። ካሬው ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየተሸነሸነ ተሸጠ። ኮረብታው ወደ ሜዳነት፣ ሜዳው ወደ ጉድጓድ ተለወጠ። መሀል ለመሀል የተተዉት የጋሪ መንገዶች እየተናዱ ሰውና በቅሎ ይዘው ወረዱ። ከዚያ በኋላ አፈሩ የሚወጣው ከየድርሻው እስከ አፋፉ በተዘረጉ ገመዶች ሆነ። ብዛታቸው ከሩቅ ሲታይ የሸረሪት ድር ይመስል ነበር።

ይህ ጉድጓድ በ1914 ሥራ እስካቆመበት ጊዜ 22 ሚሊዮን ተኩል ቶን አፈር ወጥቶበት 2,720 ኪሎ አልማዝ ተገኝቶበታል ተብሎ ይገመታል። ስሌቱን ለሠራ ሰው ከአንድ ቶን አፈር አንድ ካራት እንኳ አይደርስም ማለት ነው። በአንዲት ጠባብ ካሬ ላይ የተቀመጠ ቆፋሪ የሚኖረው በዕድል እንጂ በገቢ አልነበረም።

መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። የግሪኳው መሪ ኒኮላስ ዋተርቦር፣ የኦሬንጅ ነፃ ግዛት፣ የትራንስቫል ሪፐብሊክ ሁሉም የእኔ ነው አሉ። እንግሊዝ በ1871 ጠቅልላ ያዘችው። ለነፃው ግዛት በ1876 የ90 ሺህ ፓውንድ ካሣ ከፈለች። ሰፈሩም በ1873 በእንግሊዙ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ስም ኪምበርሊ ተባለ። ጥቁር አፍሪካውያን ደግሞ ከድርሻ ባለቤትነት እየተገፉ ወጡ። በ1872 የወጣው አዋጅ ሠራተኛ ሁሉ የይለፍ ወረቀት እንዲይዝ አስገደደ። ሰበቡ የተሰረቀ አልማዝ ነው። በኋላ በመላው ደቡብ አፍሪካ የሰፋው የይለፍ ሕግ አንዱ ሥሩ ከዚሁ ገበያ ነው።

የእግር ደላሎቹ

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ኪምበርሊ ላይ ሁለት ዓይነት ገዢ ነበር። አንደኛው ቢሮ ከፍቶ፣ ሚዛንና ማጉያ መነጽር ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ከድንኳን ድንኳን፣ ከማጣሪያ ጠረጴዛ ወደ ማጣሪያ ጠረጴዛ በእግሩ ወይም በፈረስ የሚዞር ደላላ ነው። ቆፋሪው ለዕለት ጉርሱ ገንዘብ ሲቸግረው ከቢሮ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ የለውም፤ ያገኘውን ለዚህኛው ይሸጣል። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ገንዘቡ ግን በእጅ ነው።

በ1873 ከለንደን ድሃ ሰፈር የመጣው ባርኒ ባርናቶ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለ እሱ ብዙ ይወራል። አንዱ ወሬ እንዲህ ነው፦ ባርናቶ ሥራ የሚያቆም አንድ ደላላ ደንበኞቹን በሙሉ ያውቅ ስለነበር መንገዱን ሊደርስበት ፈልጎ አልቻለም። በመጨረሻ የሰውዬውን አንካሳ ፈረስ ገዛ። ፈረሱ በልማዱ መሠረት በየደንበኛው ድንኳን በር እየቆመ ወሰደው። እውነት ይሁን ተረት፣ ኪምበርሊ ላይ ሀብት ያመጣው ዶማ ሳይሆን የደንበኛ ዝርዝር መሆኑን ያውቁ የነበሩ ሰዎች የፈጠሩት ወሬ ነው።

ሌላው ወጣት ሲሲል ሮድስ በ1871 ሲመጣ 18 ዓመቱ ነበር። እሱም ቢሆን ከወንድሙ ድርሻ ጎን ለጎን በበረዶ መሥሪያ ማሽንና ከጉድጓድ ውስጥ ውሃ በሚስብ ፓምፕ ነገደ። ሞቃት ምድር ላይ በረዶ፣ ውሃ በሞላው ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ይፈለጋል። ፓምፕ ያከራየ ሰው ደግሞ የትኛው ድርሻ እየከሰረ እንደሆነ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

በሕጉ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለው የድርሻ ብዛት የተወሰነ ነበር። ይህ ገደብ በ1876 ተነሳ። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ወጪው እየናረ ትንሹ ቆፋሪ ለኩባንያ ሸጦ ወጣ። በ1880 እና 1881 የኩባንያዎች አክሲዮን እብደት ኪምበርሊን ያዘ። ጉድጓዱን አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አክሲዮን ገዛ። ባንኮች ብድር ባቆሙ ጊዜ ገበያው ወደቀ፤ ብዙ ሰው ከነቤቱ ተገለበጠ። ካፒታል የነበራቸው ጥቂቶች በወደቀ ዋጋ ሰበሰቡ።

በ1887 ሜዳው ላይ የቀሩት ሁለት ትላልቆች ናቸው። ሮድስ የዲ ቢርስን ማዕድን፣ ባርናቶ የኪምበርሊን ማዕድን ያዙ። ሮድስ ከሮትሽልድ ባንክ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ድጋፍ አግኝቶ በኪምበርሊ ጉድጓድ ውስጥ የነበረውን የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች አልማዝ እየጣሉ ዋጋ ሰበሩ። ዋጋው እስከ ማምረቻ ወጪው ሊወርድ ሲቃረብ ታረቁ። በማርች 1888 ዲ ቢርስ ኮንሶሊዴትድ ተመሠረተ። በ1889 የባርናቶን ወገን ኩባንያ ለመግዛት የተጻፈው ቼክ 5,338,650 ፓውንድ ይላል።

አዲሱ ኩባንያ በመጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ምርት መጨመር አይደለም። ቀነሰ። ሠራተኛ አሰናበተ፤ ከተማዋ በሥራ ፈት ተሞላች። አልማዙን ለተወሰኑ የለንደን ነጋዴዎች ማኅበር ብቻ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ተነሳ። ሠራተኛው ደግሞ ከ1885 ጀምሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ኮንትራቱ እስኪያልቅ ተቆልፎ የሚኖር፣ ሲወጣ ልብሱን አውልቆ የሚፈተሽ ሆነ። ሽሚያው በዚህ ተዘጋ። በ20 ዓመት ውስጥ የሺዎች የነበረው ገበያ የአንድ ኩባንያ ሆነ።

የመትረፍረፍ ጣጣ

በእርግጥ ይህ ታሪክ ከደቡብ አፍሪካም ይቀድማል። በ1720ዎቹ ብራዚል ውስጥ አልማዝ ሲገኝ የአውሮፓ ዋጋ ወደቀ። የሕንድ አልማዝ ነጋዴዎች የብራዚሉ እውነተኛ አይደለም ብለው አስወሩ። የብራዚሉን የያዙት ደግሞ ወደ ጎዋ እየላኩ የሕንድ ነው ብለው ይሸጡት ነበር ይባላል። የፖርቱጋል ንጉሥ በ1730ዎቹ የአልማዙን ወረዳ ከልሎ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ከለከለ። አልማዝ ነጋዴውን የሚያሳስበው እጥረት ሳይሆን መትረፍረፍ መሆኑ ያን ጊዜም የታወቀ ነው።

በ1908 የሆነውም ያው ነው። በጀርመን ቅኝ ግዛት በዛሬዋ ናሚቢያ፣ በሉደሪትስ አቅራቢያ ዛካሪያስ ለዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሸዋ ሲጠርግ አንድ ድንጋይ አገኘ። ለዋላ ቀድሞ ኪምበርሊ ሠርቶ ስለነበር አልማዝን በዓይኑ ያውቃል። ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውች ሰጠ። ሽታውች የፍለጋ ፈቃድ አውጥቶ ሚሊዮነር ሆነ። ለዋላ ለግኝቱ ሽልማት አልተሰጠውም። እዚህ ላይ ድንጋዩን ያገኘውም ምንነቱን ያወቀውም አንድ ሰው ነው፤ ፈቃድ ማውጣት ግን አልቻለም። አሸዋው ላይ ኮልማንስኮፕ የሚባል ባለ ሆስፒታልና ባለ ዳንስ አዳራሽ ከተማ ተሠራ። በ1956 ተለቀቀ፤ ክፍሎቹን አሸዋ ሞላቸው። በሴፕቴምበር 1908 የጀርመን መንግሥት ያን በረሃ ክልክል ቀጠና አድርጎ አወጀው።

ለዲ ቢርስ ክፉው ጊዜ የመጣው ከ1926 በኋላ ነው። ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ በሊክተንበርግ ወረዳ ከመሬት ገጽ ብዙ ሳይርቅ አልማዝ ተገኘ። ዶማ ብቻ ይበቃል፤ ኩባንያ አያስፈልግም። ሕጉ ደግሞ ለነጮች ብቻ የሚሠራ ቢሆንም ቀላል ነበር። በተወሰነ ቀን የመንግሥት ሹም አዋጅ ያነባል፤ ባንዲራ ይወርዳል፤ ሁሉም ሮጦ ቀድሞ የደረሰ ችካል ይተክላል። ማርች 4 ቀን 1927 ግራስፎንቴይን በሚባለው እርሻ ላይ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰልፎ ሮጠ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የታወቁ ሯጮች ቀጥረው አሰልፈው ነበር። ሩጫውን ያሸነፈው እግር የአንዱ፣ ችካሉ የሌላው፣ ቁፋሮው ደግሞ ባለ ድርሻው የቀጠራቸው የጥቁር ሠራተኞች ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራ ከተማ በቀለ፤ ገዢዎችም በየፈርጁ ቆርቆሮ ቤታቸውን ተከሉ።

በ1927 ብቻ ከሊክተንበርግ ከ2 ሚሊዮን ካራት በላይ ወጣ። በዚያው ሰሞን በአትላንቲክ ዳርቻ በናማኳላንድ ሃንስ ሜረንስኪ የሚባሉ የሥነ ምድር ሊቅ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር 487 አልማዝ ማግኘታቸው ተሰማ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ ቢወርዱ ዋጋ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። መንግሥት ናማኳላንድን ለተጨማሪ ፈላጊ ዘጋ፤ በ1927 ባወጣው የከበሩ ድንጋዮች ሕግም ሜዳዎችን የመክፈትና የመገደብ ሥልጣን ያዘ። ኧርነስት ኦፐንሃይመር የሜረንስኪን ድርሻ ጭምር እየገዙ በዲሴምበር 1929 የዲ ቢርስ ሊቀ መንበር ሆኑ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ በወደቀ በሁለተኛው ወር መሆኑ ነው። በ1932 የኩባንያው ማዕድኖች ሁሉ ተዘጉ።

የማይከራከሩበት ሳጥን

ከዚህ በኋላ የቆመው አሠራር ለነጋዴ አንባቢ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ከየአገሩ የሚወጣው አልማዝ ለንደን በነበረው ማዕከላዊ የሽያጭ ድርጅት ይሰበሰብ ነበር። በዓመት አሥር ጊዜ ያህል የተመረጡ ደንበኞች ይጠራሉ። እያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት ሳጥን ይቀርብለታል። በሳጥኑ ውስጥ ጥሩውም መናኛውም ተደባልቆ ተመድቧል። ዋጋው ተጽፏል። ክርክር የለም፤ መርጦ ማንሳት የለም። መውሰድ ወይም መተው ነው። አዘውትሮ የተወ በሚቀጥለው ጊዜ ላይጠራ ይችላል። «ሳይት» የሚባለው ይህ ሥርዓት በ2013 ከለንደን ወደ ጋቦሮኔ፣ ቦትስዋና ተዛውሯል።

ሥርዓቱ የሚሠራው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከሳጥኑ ውጭ ሌላ በር ካልኖረ። ሽሚያ ማለት ግን ሌላ በር ማለት ነው።

ሴራሊዮን ለዚህ ምስክር ናት። በ1930 አልማዝ ተገኘ፤ በ1935 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ለ99 ዓመት በብቸኝነት እንዲያወጣ ተፈቀደለት። የኮኖ ወረዳ ሕዝብ ግን አልማዙ በየወንዙ ዳር በአካፋና በወንፊት እንደሚገኝ አየ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወረዳው ውስጥ ፈቃድ የሌላቸው ቆፋሪዎች ወደ 75 ሺህ ደርሰው ነበር ተብሎ ተገምቷል። ድንጋዩ በሊባኖስና በማንዲንጎ ነጋዴዎች እጅ ድንበር ተሻግሮ ሞንሮቪያ ይሸጣል። ዲ ቢርስ በ1954 የእንግሊዝን የፀጥታ መሥሪያ ቤት ይመሩ የነበሩትን ሰር ፐርሲ ሲሊቶን ቀጥሮ ኮንትሮባንዱን ለማሳደድ ሞከረ። በ1956 የሴራሊዮን መንግሥት እጅ ሰጥቶ ለአገሬው ሰው የቁፋሮ ፈቃድ መስጠት ጀመረ።

ፈቃድ መገኘቱ ግን የቆፋሪውን ኪስ አልሞላም። ቆፋሪው ሩዝ፣ አካፋና ወንፊት የሚሰጠው «ደጋፊ» ያስፈልገዋል። ደጋፊው ወጪውን ይሸፍናል፤ በለውጡ ድንጋዩን ቀድሞ የሚያየውና የሚገዛው እሱ ነው። ዋጋውን የሚናገረውም እሱ ነው። ዕዳ ያለበት ሻጭ ሌላ ገዢ ዘንድ ሄዶ ዋጋ ሊጠይቅ አይችልም። ቡና ወይም ሰሊጥ ገና በማሳ ላይ እያለ በሚሸጥበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም።

ከ1991 እስከ 2002 በቆየው ጦርነት ያው የኮኖ አልማዝ መሣሪያ መግዣ ሆነ። በ2000 በዚያችው በኪምበርሊ ከተማ የተጀመረው ስብሰባ ከጃንዋሪ 2003 ጀምሮ ላልተቆረጠ አልማዝ የትውልድ ማስረጃ የሚጠይቀውን ስምምነት ወለደ። ስምምነቱ ድንጋዩ የአማፂ ገንዘብ አለመሆኑን ይጠይቃል። ለቆፋሪው ስንት ተከፈለው ብሎ ግን አይጠይቅም።

ክፍተቱ በዚምባብዌ ታየ። በ2006 በማራንጌ ወረዳ አልማዝ መኖሩ ሲሰማ በዋጋ ንረት የተጎዳው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ተጠራርቶ ወጣ። ገዢዎች ድንበር ተሻግረው በሞዛምቢኳ ማኒካ ከተማ ቤት ተከራይተው ጠበቁ። በኖቬምበር 2008 ወታደሩ በሄሊኮፕተር ጭምር ሜዳውን አጸዳ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ200 በላይ ሰው መገደሉን ዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው የገቡት ከባለሥልጣናት ጋር የተሻረኩ ኩባንያዎች ናቸው።

ሽሚያ ያልነበረበት አገር

ቦትስዋና በ1966 ነፃ ወጣች። በዓመቱ ኦራፓ ላይ ከዓለም ትላልቅ ከሚባሉት የአልማዝ ማዕድኖች አንዱ ተገኘ። ያን ጊዜ ፕሬዝዳንት ሴሬትሴ ካማ የማዕድን መብት ከየጎሣው ወደ መንግሥት እንዲዛወር አድርገው ነበር፤ የራሳቸው የባማንግዋቶ ጎሣ መብትም ጭምር። አልማዙ ያለው በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ በመሆኑ በአካፋ የሚወጣ አልነበረም፤ ሯጭም ችካልም አላስፈለገም። መንግሥት ከዲ ቢርስ ጋር በጋራ ኩባንያ ገባ፤ ቀስ በቀስም ድርሻውን ወደ ግማሽ አሳደገ። ለዓመታት የተከራከረውም በቁፋሮው ላይ ሳይሆን ስንት ድንጋይ በራሴ በኩል ልሽጥ በሚለው ላይ ነው። ከብዙ አገር መንግሥታት ይልቅ ነገሩን የተረዱት የጋቦሮኔ ባለሥልጣናት ይመስላል። ሳይቱ ወደ ጋቦሮኔ መዛወሩ የዚህ ክርክር ውጤት ነው።

ክርክሩ ፍሬ ባፈራበት ሰዓት ግን ገበያው በሌላ በኩል ተቦደሰ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1954 መጨረሻ አልማዝ በላቦራቶሪ መሥራት ችሎ ነበር። ለረጅም ጊዜ ይህ የመቁረጫና የመሰርሰሪያ ዕቃ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ2010ዎቹ ለጌጥ የሚሆነው በርካሽ መሠራት ሲጀምር አዲስ ሽሚያ ተከፈተ፤ ይህኛው ሜዳ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ነው የሚፈልገው። ዲ ቢርስ ራሱ በ2018 ላይትቦክስ የሚል ምልክት አውጥቶ የላቦራቶሪ አልማዝ በካራት 800 ዶላር መሸጥ ጀመረ። የፈለገው የሠው ሠራሹ ዋጋ ወርዶ ከተፈጥሮው እንዲለይ ነው ይባላል። ዋጋውስ ወረደ፤ ከተጠበቀውም በላይ። በ2024 ወደ 500 ዶላር አወረደው፤ በ2025 ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

የተፈጥሮውም ቢሆን አልዳነም። የኦፐንሃይመር ቤተሰብ በ2011 የነበረውን 40 በመቶ ድርሻ ለአንግሎ አሜሪካን በ5.1 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ወጥቶ ነበር። አንግሎ አሜሪካን በሜይ 2024 ከዲ ቢርስ እንደሚለይ አስታወቀ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከኩባንያው የሂሳብ ዋጋ ላይ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ቀነሰ። በ2024 መጨረሻ ዲ ቢርስ ያልሸጠው ክምችት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር መድረሱ ተዘግቧል። በሳጥን ተመድቦ ክርክር አይነሳበትም ይባል የነበረው ድንጋይ ገዢ እየጠበቀ በካዝና ተቀመጠ።

ኪምበርሊ የሚገኘው ትልቁ ጉድጓድ ዛሬ ሙዚየም ነው። ታችኛው ክፍሉ በውሃ ተሞልቷል። የጃኮብስ ልጅ ያነሳት ዩሬካም በ1967 ዲ ቢርስ ገዝቶ ለአገሩ ሕዝብ ከሰጣት ወዲህ እዚያው ተቀምጣለች፤ ወደ 10 ካራት ከ73 ሆና ተቆርጣ ተሞርዳለች።